እንዴት ከረማችሁ

የጎጃሟን ዲማ መጀመሪያ ያወቅኋት በጆሮዬ ነው። ቦታው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፤ ቀኑ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ጥር 13 ቀን 2008 ዓ.ም.። አራት ወንደላጤዎች አንድ ቤዝመንት ተከራይተን እንኖር ነበር። ዓርብ ከቀትር በኋላ የጀመረው በረዶ ቅዳሜን ሙሉ ሲጥል ዋለ፤ ሲጥል አመሸ። እሑድ ጠዋት በሩን ወደ ውስጥ ስንስበው ሌላ በር ጠበቀን፦ የበራችን ቅርጽ፣ እጀታው ሳይቀር፣ የታተመበት ነጭ ግድግዳ። በደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 74 ሳንቲ ሜትር፣ ለከተማው ጠጋ ባለው በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 45 ሳንቲ ሜትር ተለካ። የዋሽንግተን ባቡርና አውቶቡስ ቅዳሜና እሑድን ቆመ። ታክሲ ነጂው፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛው፣ የሌሊት ፈረቃ የለመደው ሐበሻ ሁሉ ባንድ ቀን ቤቱ ዋለ።

ከበረዶው በፊት ገበያ ወጥተን ነበር። ፈረንጁ በወተትና በዳቦ ይሻማል፤ እኛ በእንጀራና በቀይ ሽንኩርት። የሚበላ አልጠፋም፤ ያለቀብን ወሬ ነው። ቅዳሜ ማታ ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ባዶ ድስት ውስጥ አስቀመጠ፤ ድስት ድምፅ ያጎላል። ከዚያ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» ከፈተልን። ይህ ልጅ የዲማ ልጅ ነው። ዲማ የሚለው ስም በተጠራ ቁጥር እጁን ያነሣል። የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት እንደ ጎረቤት ሐሜት ያወራልናል፤ ጉዱ ካሳን «የኛው ጉድ» ይለዋል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ዲማ ጊዮርጊስ ተምረዋልና ሰፈሩን ከወሬ አልጻፉትም። ልቦለዱ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከአራታችን አንዳችንም አልተወለድንም ነበር። ሆኖም የዚያን ሌሊት፣ ደጁ ነጭ ሆኖ፣ ማሞቂያው እያንጎራጎረ፣ እኛ ጎጃም ነበርን።

ይህ ጓደኛዬ ከአገሩ ከወጣ ብዙ ዓመቱ ነው። ወረቀቱ አላለቀለትም፤ ካላለቀ ደግሞ መሄድ እንጂ መመለስ የለም። እኔ ጓዜን ጠቅልዬ ስገባ ለወላጆቹ የላከው ዕቃ አንድ ሻንጣ ሞላ። ለአባቱ የንባብ መነጽር፣ ለእናቱ የጉልበት ቅባት፣ ከሁሉም በላይ ቦታ የያዘው ደግሞ ላባ የተሞላ ትልቅ ጥቁር የበረዶ ጃኬት።

«ይኼ ለዲማ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ነህ፤ ስለ ክረምት ምን ታውቃለህ?» አለኝ።

አልተሳሳተም። ለእኔ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ በቆሎ ጥብስ የሚገመጥበት፣ ታክሲ የሚጠፋበት ወቅት ነው። በዚያ ላይ ስምንት ዓመት አካፋ ይዤ በረዶ የዛቅሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ብርድ ማንም የሚያስተምረኝ አልመሰለኝም። ሻንጣውን ይዤ በነሐሴ መጀመሪያ ስነሣ ልቤ ውስጥ የነበረው እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ የፈረንጅ አገርን ብርድ ሄጄ ልተርክላቸው።

ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ጉሙ ሸለቆውን እስከ አፉ ሞልቶታል። የዓባይን በረሃ ያለፈ ሁሉ ስለ ገደሉ ያወራል፤ በነሐሴ ግን ገደል የሚባል ነገር አይታይም። መውረዳችንን የነገረኝ ጆሮዬ ነው፤ ድፍን አለ። ታች ስንደርስ ጉሙ ከላያችን ቀርቶ ወበቁ ተቀበለን፤ ዓባይ የገበሬውን አፈር ተሸክሞ፣ ደፍርሶ፣ ያለ ድምፅ ይሄዳል። ደጀን ስንወጣ እንደገና ብርድ። ጎጃም በዚህ በኩል የሚገባው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ አውልቀህ፣ ኋላ ደርበህ።

ከደጀን በኋላ የጤፍ አገር ነው። የጥመን፣ ቢቸና፣ መንገዱ ዳርና ዳር አረንጓዴ ነው። ጤፉ ገና ጣት ያህል ነበር። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ስለሆነ ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ገበሬው ማሳውን አግድም ሰንጥቆ ፈሰስ ያወጣለታል። ከሩቅ ሲታይ ማሳው የተሰመረ ደብተር ይመስላል። ከጮቄ ተራራ ተነሥተው ዓባይ የሚገቡት ወንዞች፣ ሙጋና ሱሃን የመሰሉት፣ በዚህ ወቅት አንድ ዓይነት መልክ አላቸው፤ ጠላ ቀለም። የበጋው መንገደኛ ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገረው ጅረት በነሐሴ ሰው ይወስዳል። ይህን ስሰማ «ኧረ ባካችሁ» ብዬ ነበር። በአራተኛው ቀን ቃሌን ዋጥኩት።

የጓደኛዬ ወላጆች ቤት አቡነ ተከሥተ ብርሃን ከመሠረቱት ከዲማ ጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ከደጃፋቸው ይታያሉ። በመካከል ግን አንዲት ጅረት አለች። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ የድሮው ሣር ክዳን ወደ ጓሮ ዞሮ ማድ ቤት ሆኗል። እናትየው ትከሻዬን ስመው ስመው ሲያበቁ «ልጄ ደኅና ነው?» አሉኝ። ደኅና ነው አልኩ። ቡናው እስኪፈላ ይህንኑ ጥያቄ ስድስት ጊዜ ጠየቁኝ፤ በየጊዜው አዲስ መልስ እንደሚኖር ሁሉ። ጃኬቱን ሳወጣላቸው መጀመሪያ ያደረጉት ማሽተት ነው።

«ሽታው የሱ አይደለም» አሉ።

«አዲስ ነው እማማ፤ ከሱቅ ነው የገዛው።»

«እንግዲያ የለበሰውን አይልክልኝም ነበር?» ብለው አጣጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት።

ጾመ ፍልሰታ ነበር። በዚህ ጾም ሕፃን አዋቂ አይለይም፤ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው እንኳ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃ አትቀምስም፤ ሁለቴ ብስኩት ልሰጣት ብዬ ሁለቴ አሳፈረችኝ። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀርበው ሽሮ ነው፣ የተልባ ወጥ ነው፣ ከጓሮ የተነቀለ አዲስ ድንች ነው። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅለው በአዋዜ ያቀርቡታል። ዋሽንግተን ውስጥ በሃያ ዶላር ከበላሁት የጾም በያይነቱ ይህ ድንች ይበልጥብኛል፤ ይህን ለማለት ደግሞ መራብ አላስፈለገኝም።

በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሱባኤ የያዙ ሰዎች ሰፍረዋል። አንዳንዱ በሶና ቆሎውን ቋጥሮ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት ከጎጆ ወደ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ ወደ ጎጆ። ወሬ የለ፣ ገበያ የለ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሦስት ቀን ቤት ተዘጋብኝ ብዬ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ መልእክት ስልክ የነበርኩ ሰው፣ ለመዘጋት ብለው ይህን ሁሉ ጭቃ ረግጠው የመጡትን ሳይ ትንሽ አፈርኩ። ትንሽ ብቻ፤ የእኔኛው መዘጋት የውሃ ቧንቧው ነገር ጭምር ያስጨነቀን ነበርና።

በረዶው የመጣው በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ነው። ከጮቄ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ጥቁሩ ግን ከሥሩ ነጣ ያለ ሆድ ነበረው። እማማ ከደጃፍ ቀና ብለው አዩትና «በረዶ አለው» አሉ። ወዲያው ነፋሱ ዞረ፤ የብረት ዓይነት ቅዝቃዜ ይዞ መጣ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቆርቆሮው ላይ ጠብ አለ። ከዚያ ምን ልበላችሁ፤ አንድ ቀበሌ ሰው ሽምብራውን በአንድ ምጣድ ላይ ባንድ ጊዜ ያፈሰሰ ያህል ነው። እየጮህን አንሰማማም። የልጅ ልጃቸው ከእማማ ቀሚስ ሥር ገባች። አባትየው ጋቢያቸውን ከራሳቸው አውርደው ቆሙ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ እግዚኦታቸውን አልሰማሁም። ወጨፎው በሩ ሥር ገብቶ እህል የሚያክሉ የበረዶ ፍሬዎች እስከ ምድጃው ድረስ አንከባለለ። አንዷን አነሣሁ። ውስጧ እንደ ሽንኩርት በክብ ክብ የተሠራ ነው፤ ነጭ፣ መስታወት፣ ነጭ። ደመናው ውስጥ ነፋስ ወደ ላይ እየመለሰ ውሃ ሲያለብሳት፣ ስትቀዘቅዝ፣ ደግሞ ስትለብስ የቆየች ናት።

በዚህ መሐል ሁለት የአብነት ተማሪዎች ደበሏቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው በሩን ጥሰው ገቡ። ቀለብ ለመለመን ወጥተው መንገድ ላይ ነው የያዛቸው። ትልቁ አሥራ ስምንት ይሆነዋል፤ ትንሹ ከአሥራ ሁለት አይበልጥም፣ ቅልጥሙ ደም አለው፣ አኩፋዳው ውስጥ የነበረው የእንጀራ ፍርፋሪ ሊጥ ሆኗል። እማማ አንድ ጊዜ አዩት፤ ሄዱ፤ ሣጥኑን ከፈቱ። ላባ የተሞላው ጥቁር ጃኬት የትንሹ ተማሪ ጉልበት ድረስ ደረሰ። ዚፑን እኔ ነኝ የዘጋሁለት፤ እንዴት እንደሚዘጋ ቤቱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም።

ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሲያበቃ ጸጥታው ራሱ ይጮሃል። በሩን ስንከፍት ግቢው ነጭ ነው፤ የጌሾው ቅጠል ረግፎ ነጩ ላይ ተበትኗል። እኔ ሞኙ ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ለጓደኛዬ ልልክለት ነው፤ «አገርህም ስኖው ጣለ» ልለው። ኔትወርክ የለም። ዞር ስል አባትየው ዱላቸውን ይዘው በማሳቸው አቅጣጫ ቆመዋል። አልሄዱም፤ ዝም ብለው ቆሙ።

«አይሄዱም እንዴ አባባ?»

«ምን ላደርገው? ነገም እዚያው ነው።»

የሄዱት በማግሥቱ ነው፤ ብቻቸውን።

ከዚያ ዝናቡ ቀጠለ። በረዶው ሲቀልጥና ዶፉ ሲጨመርበት ያቺ ምስኪን ጅረት ግንድ እያንከባለለች ታጓራ ጀመር። ሰፈሩ ከመንገዱ ተቆረጠ። ተማሪዎቹም ወደ የኔታቸው መሻገር አልቻሉም። ሦስት ቀን እንግዲህ፣ ስድስት ነፍስ ባንድ ምድጃ ዙሪያ፤ ሰባተኛዋ ወደ ውስጥ የገባችው ጥጃ ናት።

ጎጃም ለዚህ አዲስ አይደለም። ዓባይ አገሩን በሦስት ወገን ዞሮ ይዞታል። ከደብረ ማርቆስ በታች የነበረው የባሶ ገበያ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስመ ጥር ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ቡና ይመጣል፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይወርዳል። ግን ነጋዴው ዓባይን የሚሻገረው በበጋ ነው። ክረምት ሲገባ ወዲህ ያለው ወዲህ፣ ወዲያ ያለው ወዲያ ይቀራል። ወደ ሞጣ በኩል በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ድልድይ እንኳ በጣልያን ጊዜ አንድ ቅስቱ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ ለብዙ ዓመታት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ከወዲህ ወዲያ እየተጎተተ ይሻገርበት ነበር። የእማማ ቤት ጅረት ከዚህ አንጻር ምንም ማለት አይደለችም። ሆኖም የጠመደችኝ እሷ ናት።

እማማ እንዝርታቸውን አወጡ። ክረምት የፈትል ጊዜ ነው። ባዘቶው ጭናቸው ላይ ተቀምጧል፤ ንጹሕ፣ ቅልል ያለ። እየፈተሉ ስለ ልጃቸው አገር ጠየቁኝ።

«እዚያም በረዶ አለ አሉ። እንዲህ ነው?»

ይኸው የጠበቅሁት ጊዜ መጣ። «አይ እማማ፣ ያኛው ሌላ ነው። ድምፅ የለውም። ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ለስላሳ ነው፤ እንደ...» ብዬ ቃል ጠፋኝ። ዓይኔ እጃቸው ላይ አረፈ። «እንደዚህ ነው» አልኳቸው።

ባዘቶውን አዩት። ቁራሽ ነጠቅ አድርገው ከምድጃው በላይ ለቀቁት። የእሳቱ ሙቀት ተቀብሎ ወደ ጣሪያው ወሰደው።

«ይኼማ ይወጣል እንጂ አይወርድም» አሉ።

ሁላችንም ሳቅን። ትልቁ ተማሪ ግን አልሳቀም። ቆሎውን ከአፉ ጨረሰና በጨዋ አንደበት፣ እንዲያው ለማስታወስ ያህል፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 147ኛው መዝሙርም አመዳይን ያመሳሰለው ከባዘቶ ጋር መሆኑን ነገረን። ከዚያ ትምህርቱን ቀጠለ። በግዕዝ በረድ አለ፣ ሐመዳ አለ፣ አስሐትያ አለ። በረድ ትናንት የወረደብን ነው። አስሐትያ ውርጩ ነው። ሐመዳ ግን ያ እኔ የምለው፣ ዝም ብሎ የሚወርደው ነው። በሠለስቱ ደቂቅ ጸሎት ውስጥ ውርጩም አመዳዩም በየስማቸው ተጠርተው ፈጣሪያቸውን አመስግኑ ይባላሉ። ልጁ ይህን ሁሉ ያለው ባዶ እግሩን ወደ እሳቱ ዘርግቶ ነው። ሐመዳ አይቶ አያውቅም፤ የሚያይም አይመስለኝም።

እኔ ስምንት ክረምት ውስጡ ኖሬ፣ ከመኪናዬ ላይ ጠርጌው፣ ወድቄበት ክንዴን አሞኝ፣ ስሙን አላውቀውም። ለእኔ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈውም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚጋገረውም በረዶ ነው። እዚያ ያለን ሰዎች ሲቸግረን «ስኖው» ብለን ተገላገልን። አመዳይ የሚለውን ቃል እርግጥ ሰምቼው አውቃለሁ፤ ደገኛው ማለዳ ሣሩ ላይ ለሚያገኘው ውርጭም ይለዋል። ግን ያን እሑድ ጠዋት በሩን ስከፍት አፌ ላይ አልመጣም። ልተርክላቸው የመጣሁት ሰውዬ ስሙን ዲማ ላይ ተምሬ ተመለስኩ።

በነገራችን ላይ «እኛ አገር በረዶ አይጥልም» የምንለው ነገር ግማሽ እውነት ነው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ ተጓዥ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ የገለበጠው የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ በሰሜን ተራሮች እስከ ጉልበት በሚያሰምጥ በረዶ ውስጥ መዝመቱን ይናገራል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን በሰሜን በረዶ የለም ብሎ ድርቅ አለ። በ1830ዎቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀርመናዊው ሩፔል ሄዶ በዓይኑ አየው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ደጀን ዛሬም አልፎ አልፎ ይጥላል። የደባርቅን ሰው መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ለእማማ የዚያኛውን በረዶ ወር ማስረዳት ነው። «በጥር?» አሉ እማማ። «በጥር በረዶ? በሠርግ ወር?» ፈረንጅ ዊንተር የሚለውን ትምህርት ቤት ክረምት ብለን ተርጉመን ተማርን፤ የእነሱ ክረምት ግን የኛ በጋ ላይ ይወድቃል። ጥምቀት ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ ሎሚ ሲወረወር፣ ልጃቸው እዚያ እስከ ጭኑ በረዶ ውስጥ እንደሚቆም ሲገባቸው እንዝርቱ እጃቸው ላይ ቆመ። ቀጥዬ መንገዱን ለማቅለጥ መንግሥት ጨው እንደሚያፈስ ስነግራቸው አባትየው ከተኙበት ቀና አሉ።

«ምን ያፈሳል?»

«ጨው። በመኪና እየበተነ።»

«የሚበላውን?»

«ያው ጨው ነው፤ ደረቅ ያለ።»

አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ባገለገለበት አገር ለአንድ ሽማግሌ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው። አያታቸው ጨው ፍለጋ በሬ እንደሸጡ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አሜሪካ የነገርኳቸውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሰሙኝ።

«እና እንዲያ ሲዘጋባችሁ ማን ይጠይቃችኋል?» አሉኝ እማማ። ዝም አልኩ። በእርግጥ አንድ ጎረቤት ነበር። ሁለት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ሰላም ያልተባባልን ሰውዬ፣ እሑድ ዕለት ከመኪናው ሥር ሲቆፍር አገኘንና አካፋ አበደረን። በረዶው ባይጥል ስሙን አናውቀውም ነበር። ይህን ነገርኳቸው፤ «ተመስገን፣ ሰው አለ» አሉ። እነሱ ቤት ግን በሦስቱ ቀን ውስጥ ገሳ ለብሶ ያልመጣ የሰፈር ሰው የለም። ማሳውን ለመጠየቅ ይመጣሉ፤ በረዶው የየትኛውን መትቶ የየትኛውን እንደዘለለ ይቆጥራሉ፤ ቡና ይጠጣሉ። ድሮ በረዶን በድግምት ይመልሳሉ የሚባሉ ደብተራዎች እንደነበሩ አንዱ አነሣ። አባትየው ሳቁ፤ «መመለስስ ይመልሱት ነበር፤ የጎረቤት ማሳ ላይ!»

እንዲህ ስጽፈው ሁሉ ነገር የሞቀ ይመስላል። አይደለም። ነሐሴ ጎታ የሚጎድልበት ወር ነው፤ ያለፈው እህል ሊያልቅ ደርሶ፣ አዲሱ ገና ሣር ነው። ከመጡት ጎረቤቶች አንዷ ሴት ቡናዋን ከጠጣች በኋላ ወደ ጓዳ ከእማማ ጋር ገብታ በነጠላዋ ሥር አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ማንም ያየ የለም፤ ማለቴ ሁሉም እንዳላየ ሆነ። የእኛ ቤዝመንት ውስጥ ፍሪጁ ሞልቶ ነበር። ፍሪጁ ሞልቶ መዘጋትና ጎታው ጎድሎ መዘጋት አንድ ስም ሊሰጣቸው አይገባም።

ያኔ ነው ሰላምታቸውን ልብ ያልኩት። ገሳውን ከበሩ አውልቆ የሚገባ ሁሉ «እንዴት ከረማችሁ?» ይላል። እኔ ይህን ቃል ስልክ ላይ በቀን አሥሬ እለዋለሁ፤ ለባንክ ሠራተኛ ሳይቀር። ከረመ ማለት ክረምትን አሳለፈ ማለት እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። ውሃው ሳይወስደው፣ ጎታው ሳይነጥፍ፣ ሳል ሳይጥለው ወደ መስከረም የተሻገረ ሰው ነው የከረመ። ከርሞ የምንለው የሚመጣው ዓመትም ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ዓመቱን የምንቆጥረው በተረፍነው ክረምት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንጉ በረዶ በኋላ በነበረው ሰኞ ሥራ ስገባ አለቃዬ የጠየቀኝ በየት በኩል እንደመጣሁ ነው።

በተዘጋብን በአራተኛው ቀን ጅረቷ ጎደለች። አባትየው ማሳውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ጭቃው ጫማዬን ሁለቴ ነጠቀኝ፤ እሳቸው ባዶ እግራቸውን እንደ ፍየል ይረግጣሉ። የበረዶው መንገድ በግልጽ ይታያል፤ ከዚህ ወዲያ ጤፉ እንደ ቆመ ነው፣ ከዚህ ወዲህ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ እንደ ተላጨ ራስ። የእሳቸው ማሳ ግማሹ ወዲህ ነው። አጎንብሰው አንድ እግር ጤፍ ነቀሉ፣ ሥሩን አዩት፣ መልሰው ጣሉት። «ሽምብራ ይይዝልኛል» አሉ። ሽምብራ ዝናቡ ሲያበቃ ጥቁሩ አፈር በያዘው እርጥበት ይበቅላል፤ ለመዝራት ወር ያህል ይቀራል። ሌላ አልተናገሩም።

ስመለስ ደጀን ላይ ኔትወርክ ሲገባ ያን ነጭ ግቢ ፎቶ ለጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የቱ ማሳ ነው የተመታው?»

ከጥምቀት በኋላ ደወልኩ። ማሳው ላይ ሽምብራ ተዘርቶ፣ እሸቱን ልጆች በልተውታል፤ ቀሪው እየደረቀ ነው። እማማ እንዴት እንደ ከረምኩ ጠየቁኝ፤ እኔም ጠየቅኋቸው፤ በዚህ ጊዜ የምለውን እያወቅሁ። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እናትህ አይነግሩህም። ጃኬቱ አልተመለሰም። ያ ትንሽ ተማሪ ለብሶት ጅረቷን ተሻገረ፤ አሁን ከየኔታው ደጅ ነው ያለው። ሌላ ላክ። ግን መጀመሪያ አንድ ሰሞን አንተ ልበሰው።